ሁዳን ያልለካው ቀይ ክር

ተሾመች የገና ቆብ ስትሠራ መጀመሪያ የምታነሳው መቀስ ሳይሆን ክር ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በነበረው የሕፃናት ማቆያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ታኅሣሥ ሲገባ ልጆቹን በየተራ ጭኗ ላይ እያስቀመጠች ቀዩን ክር በግንባራቸው ዙሪያ ታዞርና ልኩ ላይ ትቋጥረዋለች፤ ከዚያ ስማቸውን በጻፈችበት ብጣሽ ወረቀት ላይ ታስረዋለች። ቆቡን የምትቆርጠው ከካርቶንና ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ የምታጣብቀውም ራሷ በምታፈላው የዱቄት ሙጫ። የሱቁ ቆብ ዓይን ላይ ይወርዳል ትላለች። የእሷ ግን ከልጅ ራስ ላይ ወድቆ አያውቅም።

ክሩን የምትሰጣት ጎረቤቷ ኢህሳን ነበረች። ኢህሳን ክርና ቁልፍ ትሸጣለች፤ በየዓመቱ አንድ ጥቅል "ለልጆቹ" ብላ ታስይዛታለች። ልጇ ሁዳም እዚያው ማቆያ ትውል ነበር።

በ2016ቱ ገና ሁዳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ተሾመች ልጆቹን ስትለካ እሷም ተራ ይዛ ቀረበች።

"አንቺ እንኳ የዚያን ቀን ቤትሽ ነሽ" አለቻትና ጉንጯን ስማ አሳለፈቻት። የሙስሊም ልጅ ለገና ዝግጅት አትመጣም፣ መጥራቱም እናቲቱን ማስቸገር ነው ብላ ነበር። ለመጠየቅ ግን ሁለት በር ማለፍ ይበቃት ነበር።

በዝግጅቱ ቀን ሁዳ አዲስ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ ኢህሳንም ትሪ ሙሉ ብስኩት ይዛ ተከትላታለች። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ቆብ ደፍተዋል። ሁዳ አየቻቸውና በሁለት እጇ አናቷን ሸፈነች። ዝግጅቱ እስኪያልቅ እጇን አላወረደችም። ተሾመች ካርቶን ፍለጋ ስትራወጥ ኢህሳን ክንዷን ያዘቻት።

"ይተዉት፣ እትዬ ተሾመች። ቢጠይቁኝ እኮ እኔው ለክቼ አመጣልዎት ነበር። ክሩ እንደሁ የቤታችን ነው።"

ብላ ሳቀች። ተሾመችን እስከ ዛሬ የሚከነክናት ያ ሳቅ ነው።

ነገ እሠራላታለሁ፣ ከጥምቀት በኋላ እሠራላታለሁ ስትል ሰፈሩ ፈረሰ፤ ሰዉም ተበተነ።

ዘንድሮ የማቆያው ጥበቃ የነበሩት ጋሽ ካላዩ፣ ኢህሳን ስድስት ኪሎ ሱቅ መክፈቷን ነገሯት። ተሾመች በማግስቱ ካርቶኗን አወረደች። ቢጫ ቆብ ሠራች፤ ጠርዙን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ከፈፈችው።

ሱቁ በፎቶ ኮፒ ቤቶች መሀል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነው። ኢህሳን ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አቀፈቻት።

"ጠፍተው ጠፍተው ቆብ ይዘው ብቅ አሉ?"

ሁዳ ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ተሾመች ቆቡን ደፋችላት። አልገባም፤ አናቷ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ዝቅ ልታደርገው ስትሞክር የተጣበቀበት ተላቀቀ።

"የሕፃን ነው" አለች ሁዳ፣ በሁለት እጇ መልሳ እያቀበለቻት።

ተሾመች የሠራችው በዓይኗ ለቀረችው፣ ለሦስት ዓመቷ ሁዳ ነበር።

"እሷ እኮ ረስታዋለች" አለች ኢህሳን ቀስ ብላ።

"አንቺስ?"

ኢህሳን የተደባለቁ ቁልፎችን በየቀለማቸው መለየት ጀመረች። "እኔማ እናት ነኝ።"

ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ቀዩ ክር እንደ ድሮው ተደርድሯል። አንዱን ስጪኝና ልለካት ማለት ይቻል ነበር። ተሾመች ቆቡን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ታክሲ እንዳያመልጠኝ አለችና፣ ዘንድሮም ሳትጠይቅ ወጣች።