«መለዋወጫ ይጠበቃል»

ሰውዬው በከተማው የመንገድ መብራት ክፍል ሃያ ዓመት የሠራ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ጓሮው ጥግ ላይ፣ ጣሪያው ወደ ጎን የሚንሸራተት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ሠርቶ ቴሌስኮፕ ተክሎበታል። በቴሌስኮፑ ላይ ካሜራ ገጥሞ፣ ባዶ ዓይን የማያያቸውን ሩቅ የጋዝ ደመናዎች ያነሳል። አንዱን ደመና አጥርቶ ለማውጣት መቶ ጊዜ አንስቶ ምስሎቹን በኮምፒውተር ይደራርባል። ባልደረቦቹ፣ «እኛ መብራት እንሰቅላለን፣ አንተ ጨለማ ትለቅማለህ» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ያስቸገረው ከአጥሩ ውጭ የቆመው የመንገድ መብራት ነው፤ ምስሉን ሁሉ አመድ ያስመስልበታል። አንድ ቀን አምፖሉ ተቃጠለ፣ ጥገናውም ለእሱ ደረሰው። መዝገቡ ላይ «መለዋወጫ ይጠበቃል» ብሎ ጻፈ። አምፖሉ ግን መጋዘን ውስጥ በካርቶን ሞልቷል። ለአንድ ሳምንት ያለው ነገር አራት ወር ሆነ።

በሦስተኛው ወር ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ በዚያ ጨለማ የቦዩን ጠርዝ ስተው ወደቁ፤ እግራቸው ተሰበረ። ሚስቱ ወሬውን ነግራው፣ «ምነው ያንን መብራት እንኳ ቢሠሩት!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እሱ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሳ። እንዲያም ሆኖ አልጠገነውም፤ የሚያነሳው ደመና ለዓመቱ ከሌሊቱ ሰማይ ሊሰወር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። በኋላ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይኸው ነው።

ምስሉ አማረ። መሥሪያ ቤቱ አሳትሞ መግቢያው አዳራሽ ላይ ሰቀለው፤ ጎረቤትም ተጠራ። አዋላጇ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። ቀዩን ደመና ትክ ብለው አይተው፣ «ይሄ ሁሉ እኛ ሰፈር ሰማይ ላይ ነበር? እጅህ ይባረክ!» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንተ እዚህ አይደለህ? ስለዚያ መብራት አንድ ቃል ብትተነፍስልን» አሉ።

ፊቱ ፍም መሰለ። አለቃው አጠገባቸው ቆሟል።

«እትዬ፣ እንዳይጠገን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ፎቶ ብዬ።»

አልጮሁበትም። «ስወድቅ ሰምተህ ነበር?» ብቻ አሉት።

«ሰምቻለሁ። ከዚያም በኋላ አላበራሁትም።»

ምርኩዛቸውን አስተካክለው ቀስ እያሉ ወጡ።

ያንኑ ዕለት መሰላል ተሸክሞ ሄዶ አምፖሉን ቀየረ፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ፎቶውን በገዛ እጁ አወረደው። አለቃው ከጥገና አንስቶ መጋዘን መደበው፣ እሱም አልተከራከረም። አዋላጇን እግራቸው እስኪድን በየሳምንቱ ሐኪም ቤት አድርሶ ይመልሳቸው ነበር። መኪና ውስጥ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ያወራሉ። ይቅርታ የጠየቃቸው አንድ ጊዜ ነው። «ሰምቼሃለሁ» አሉት። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላሉትም፤ እሱም ዳግመኛ ለመጠየቅ አልደፈረም።