ያልጠቆረው ወረቀት

በሆስፒታሉ “አባባ እንፋሎት” ነበር የሚሏቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት ሲያመክኑ ኖረው፣ በእሳቸው ጥፋት አንድ ቁስል አመረቀዘ ተብሎ አያውቅም። ይህን ራሳቸው አያወሩትም፤ ሌላ ሰው ሲያወራላቸው ግን አያቋርጡትም።

ጡረታ በወጡ በዓመታቸው ቤተ ክርስቲያናቸው የዓይን ሐኪሞችን ይዞ ወደ ውጭ አገር ለነጻ ሕክምና ሲነሳ፣ ቀድመው ተመዘገቡ። ባለቤታቸው ሻንጣውን እያሰናዱ፣ “አንተ ሰውዬ፣ እዚህ የቀቀልከው አልበቃ ብሎህ ባሕር ተሻግረህ ልትቀቅል?” አሏቸው።

“እዚያም ሰው ዓይን አለው” ብለው መለሱ።

ሕክምናው የሚሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማባዛት ሠንጠረዡ እንኳ አልጠፋም። መብራቱ ስለማያስተማምን የእሳቸው ማምከኛ ድስት በጓሮ በር በኩል በላምባ ምድጃ ላይ ተጣደ። ምድጃው ሲነድ ጩኸቱ ጆሮ ይነሳል። ስለዚህ ቀትር ላይ ሁሉም ሥራ አቁሞ ሲጸልይ እሳቱን ዝቅ ያደርጉታል፤ ከጸሎቱ በኋላ ከፍ አድርገው ሰዓቱን እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጥራሉ። አራት ቀን እንዲሁ አደረጉ።

አምስተኛው ቀን የመጨረሻው ነበር። የቡድኑ መሪ የምስጋናውን ጸሎት አስረዘሙት። አባባ እንፋሎትም ሆዳቸው ባባ፤ ያዩት የበራ ዓይን ሁሉ ትዝ እያላቸው አለቀሱ። “አሜን” ሲባል ሰዓታቸውን ቢያዩ ጊዜው አልፏል። እሳቱን ዝቅ ማድረጋቸውን ዘንግተው ሁለቱን የመሣሪያ ጥቅል አውጥተው ለነርሷ ሰጡ። ሰዓቱ ሄዷል፤ እንፋሎቱ ግን ቆሞ ነበር።

በየጥቅሉ ውስጥ አንድ አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ እንፋሎቱ በቅጡ ካገኘው መስመሩ ይጠቁራል። ያገለገለ ዕቃ ሊሰበስቡ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገቡ ያቺ ወረቀት ወለል ላይ ወድቃ አዩ። መስመሯ እንደነጣ ነው። ከእሳቸው በቀር ልብ ያለ የለም። አንዲት ሴት ዓይኗ በመርፌ ደንዝዞ አልጋው ላይ ተጋድማለች፤ ዶክተሯ መሣሪያውን አንስታለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት።

“ዶክተር፣ እጅሽን መልሺ!”

“ምነው አባባ?”

“አልመከነም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።”

መሣሪያው እንደገና እስኪመክን አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አውቶቡሱ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይነሳል። በሚተርፈው ጊዜ ከቀሩት ሁለት ሕሙማን ቀዶ ሕክምናው የሚደርሰው ለአንዱ ብቻ ነው። ዓይኗ የደነዘዘው ሴት ቀደመች። የቀረው ሦስት ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የጠበቀ፣ የዓይን ሞራ የጋረደው አናጢ ነበር።

“ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ልንገረው?” አለ አስተርጓሚው።

“ማሽኑ ምን አደረገ? እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ሳትጨምር ሳትቀንስ አድርስልኝ።”

አናጢው ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የሆነውን ሁሉ ነግረው ይቅርታ ጠየቁ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

“ይቅር ማለቱስ ቀላል ነው፤ የቸገረኝ ማየቱ ነው” አለ። “ሚስማሩን ትቼ ጣቴን መምታት ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ።”

ተመልሰው የሴትዮዋን መሣሪያ አመከኑ፤ ጥቅሉ ሲፈታም ቆመው የወረቀቱን መጥቆር አዩ። ሥራው ቀና።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ አባባ እንፋሎት አልሳፈርም አሉ።

“ዶክተር፣ የሚቀጥለውን ዓመት ተራ ያዢ። አናጢውን አንደኛ ጻፊልኝ።”

“አባባ፣ መምጣታችን እኮ ገና አልተወሰነም።”

“የእናንተ አልተወሰነ ይሆናል። የእኔ ተወስኗል። ጻፊ።”

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ዶክተሯ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች፤ አስተርጓሚው የአናጢውን ስም ከነአባቱ ጠይቆ ነገራት። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው እስክትጨርስ ከትከሻዋ በላይ ተከታተሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተሳፈሩት።