ዜሮ ነጥብ አራት አምስት

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ደሴ ላይ በየሳምንቱ አብረውኝ ለሚጸልዩት ምእመናንም አልነገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝና ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ፈሪ መሆኔን ከዚሁ እወቁልኝ።

ኮምቦልቻ፣ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነበርኩ። በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ጠዋት ከደሴ በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ስገባ «ጋሼ ታምሩ መጣ» ይባል ነበር፤ የተበላሸ ነገር ሁሉ እኔን ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ሰይድ ተቀጠረ። የቢስቲማ ሰው ነው፣ በቴክኒክ ትምህርት የተመረቀ፣ ዝምተኛ። አዲሶቹ ዲጂታል መቆጣጠሪያዎች ሲተከሉ እኔ ወፍራሙን መመሪያ ገልጬ ዘጋሁት፤ እሱ አንብቦ ጨረሰው። ብዙም ሳይቆይ አንድ መሣሪያ በጮኸ ቁጥር «ሰይድ ይምጣ» ይባል ጀመር። እኔ እዚያው ቆሜ!

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ሲያመሰግኑት ቀናሁ። ይሳሳታል ብዬ ስጠብቅ ሳይሳሳት ሲቀር ቀናሁ። «ጋሼ፣ ይቺን ላሳይዎት?» ብሎ በትሕትና ሲጠይቀኝ ደግሞ ባሰብኝ። ትዕቢተኛ ቢሆን እኮ ለጥላቻዬ ምክንያት አገኝለት ነበር።

ዘይቱ የሚሞቅበት ታንክ ሁለት የሙቀት መለኪያ አለው። ሰይድ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለውን የስሌት ብሎክ፣ ቀመሩ የሚጻፍበትን ቦታ፣ የሞላው እንዲህ ነበር፦ ሁለቱን ደምር፣ በዜሮ ነጥብ አምስት አባዛ። አማካዩ ይወጣል፤ እንፋሎቱም በዚያ መሠረት ይከፈታል፣ ይዘጋል። የይለፍ ቁጥሩን ከእሱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ጁምዓ መስጊድ ሲሄድ ነው የሰጠኝ።

«ጋሼ፣ አማና ብያለሁ፤ ሰግጄ እስክመለስ ይጠብቁልኝ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ጥቂት ሳምንት ጠበቅኩለት። ከዚያ አንድ ጁምዓ፣ እሱ እንደወጣ፣ ብሎኩን ከፍቼ ዜሮ ነጥብ አምስቱን ወደ ዜሮ ነጥብ አራት አምስት ቀየርኩት። እኔ ነኝ የቀየርኩት። መሣሪያው ሙቀቱን አሳንሶ ስላነበበ እንፋሎቱን ጨመረ፤ አንድ ሙሉ ታንክ ዘይት አርሮ ጠቆረ። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ተቃጥሎ ቢሆንስ? ይህን ያሰብኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስህተቱን «ያገኘሁትም» እኔው ነኝ። አለቆቹ ፊት ብሎኩን ከፍቼ ቁጥሩን አሳየሁ። መሣሪያው ማን እንደነካው አይመዘግብም። ሰይድ ቁጥሩን አፍጥጦ ሲያየው ቆየ። ግምገማ ተጠራና ተነስቶ ግለ ሂስ አደረገ፦ «የሞላሁት እኔ ነኝ። እጄ ስቶ ይሆናል።» እኔን ይጠረጥር ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁት። ቀና ብሎም አላየኝም። መጋዘን መደቡት፤ ብዙ ሳይሰነብት ለቆ አገሩ ገባ። እኔ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። እሑድ ለምስክርነት ቆሜ «ጌታ ከፍ አደረገኝ» አልኩ፤ ምእመናኑም ሃሌ ሉያ አሉ። ማንን ነበር የማታልለው?

ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተገናኘን። ገበሬ ሆኗል። ከሩቅ አይቶኝ ወደ እኔ ሲሮጥ አወቀ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ደርሶ ግን ትከሻዬን ሳመኝ።

«ጋሼ፣ ወላሂ ያ ቁጥር እስከ ዛሬ ከራሴ አልወጣም» አለኝ። «እንዴት እንደጻፍኩት ሳሰላ ነው የምውለው። አሁን የማዳበሪያ ልክ እንኳ ጎረቤት ካላየልኝ ራሴን አላምንም። እርስዎንም ያኔ በእኔ ስህተት በሰው ፊት አሳፈርኩዎ። አውፍ ይበሉኝ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «አልተሳሳትክም» ብዬው ቢሆን ሰውየው ራሱን መልሶ ያገኝ ነበር። ምን ያዘኝ? ልንገራችሁ፦ ያኔም ቀናሁበት። ይቅርታ መጠየቅ እንዲህ ስለቀለለው ቀናሁበት። እጄን ትከሻው ላይ ጭኜ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «ግዴለም፣ አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኩት ሰው ቢስቲማ ነው። ከኮምቦልቻ በየቀኑ መኪና አለ፤ እስከ ዛሬ አልተሳፈርኩም።