የተደፈነው ገበጣ

ተናኘወርቅ የወታደር ልጅ ናት። አባቷ ከጎጃም መጥተው ነገሌ ጦር ሰፈር የኖሩ ሰው ነበሩ፤ በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። እሷም እዚያው አድጋ የሂሳብ አስተማሪ ሆነች። ማባዛትን የተማረችው መዳፏ ላይ በሚያርፍ አርጩሜ ነበርና፣ የዚያ ንዴት አብሯት አደገ።

አንድ ጠዋት ከጎረቤት ክፍል ዳርሚ የምትባል ተማሪ መዳፏ አብጦ እያለቀሰች ወጣች። የሰባትን ብዜት ባለመሸምደዷ አስተማሪዋ ገርፏት ነው። ተናኘወርቅ ደሟ ፈላ። ልጅቷን ከክፍሎቹ ጀርባ ወስዳ ቀዩ አፈር ላይ የገበጣ ጉድጓዶች ማሰችላት።

«በሰባት ጉድጓድ ሦስት ሦስት ጠጠር ጨምሪ። ስንት ሆነ?»

ዳርሚ ቆጥራ «ሃያ አንድ!» አለች። ከዚያ ማንም ሳያዛት አራት አራት ማድረግ ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ያ ጀርባ በልጆች ተሞላ። ተናኘወርቅ ግማሽና ሩብን በጄሪካን ውኃ እያስቀዳች አስተማረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወላጆችን ጠራች። የዳርሚ አባት፣ የከብት ነጋዴው ዳዳቻ፣ ፊቱን አጥቁሮ ደረሰ።

«አካም ቲቸር! ልጄን የላክኋት ጠጠር እንድትጫወት ነው?»

«ናጋ፣ ደህና ነኝ። መጀመሪያ ከእሷ ጋር ይጫወቱ፤ ከዚያ ይቆጡኛል።»

ዳዳቻ ገበጣ ተጫውቶ በልጁ ተሸነፈ። «ድገሚ!» ብሎ ጮኸ፤ ደግሞም ተሸነፈ። በሳምንቱ ሚስቱን ይዞ መጣ።

ከዚያ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ርዕሰ መምህሩ ፍቅሩ ጉድጓዶቹን አስደፈነ። ያስደፈነውም በራሳቸው በልጆቹ እጅ ነው። ተናኘወርቅ ሳታንኳኳ ቢሮው ገባች።

«የገዛ ትምህርታቸውን አስቀበርካቸው!»

«ግቢው የአይጥ ጉድጓድ መሰለ። ሂሳብ ቀልድ አይደለም።»

«ልጅ መግረፍስ?»

«እኛም በዱላ ነው የተማርነው።»

«አልተማርንም! ፈራን እንጂ!» በሩን አላትማ ወጣች።

ዳዳቻ ይህን ሲሰማ የራሱን ግቢ ለገበጣው ከፈተ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ተሰበሰቡ፤ ሲሸናነፉ ሳቃቸው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። ወሬው ዞን ደረሰ፤ ተመሰገነም። የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ፍቅሩ ማይኩን ጨብጦ፣ ሂሳብን በጨዋታ ማስተማር የጀመረው እሱ እንደሆነ ለሕዝቡ ተናገረ።

ተናኘወርቅ ተነሥታ ማይኩን ከእጁ ነጠቀችው።

«ወላጆች፣ ገበጣውን በልጆቻችሁ እጅ ያስደፈነው ይኸው ሰው ነው! እዚህ ግቢ ዛሬም ልጅ ይገረፋል!»

ዳዳቻ ከኋላ ቆሞ «ዱጋ! እውነቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ተነሡ። በዓሉ በጭቅጭቅ ተበተነ።

ክረምቱ ሳያልቅ ተናኘወርቅ በቅጣት ወደ አሬሮ ተዛወረች። የገራፊውን አስተማሪ ግን ማንም አልጠየቀውም። ወላጆች መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። አንዲት እናት እጇን ይዛ «በቃ ልጄ፣ ያን አስተማሪ ይቅር በይው» አለቻት።

«እኔ ምን አገባኝና ነው ይቅር የምለው? የተገረፉት እነሱ ናቸው።» ወደ ዳርሚ ዞረች። «አንቺ ይቅር ብለሽዋል?»

ዳርሚ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ይቅር አላለችውም። ተናኘወርቅ ግንባሯን ሳመቻትና አውቶቡሱ ላይ ወጣች።