የታጠበው ሃን

ፈርዶውሳ የምትባል፣ ከለንደን ለዕረፍት የመጣች ሴት፣ ማክሰኞ ጠዋት በውድነሽ የፌስቡክ መሸጫ ገጽ ላይ፣ ስለገዛችው የወተት ዕቃ ሁለት መስመር ጻፈች። «ይህ ሃን አዲስ ነው። የድሮ ነው ብላ የሸጠችልኝ ሴት አታላይ ናት።» ይኸው ነው። ሰላምታ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ «እስቲ አስረጂኝ» የለ። ቀኑ እኩል ሳይሆን ከጽሑፉ ሥር የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ተኮልኩለው ነበር።

ውድነሽ ይህን ስታነብ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ የመዳብ ሳንቲሞች በሎሚ እየፈተገች ነበር። ሐርጌሳ በኖረችባቸው አሥራ ሦስት ዓመታት ብዙ ተብላለች፤ ሐበሻ ተብላለች፣ ገረድ ተብላለች፣ ስሟ እየታወቀ በጣት ተጠርታለች። አታላይ ያላት ግን አልነበረም። ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጠው እሷን። የራዲዮ አንቴና ተሰብሮ ከሆነ «ተሰብሯል» ብላ ጽፋ፣ ስብራቱን አቅርባ ፎቶ አንስታ የምትሸጥ ሴት ናት።

ለማያውቃት ልንገር። ዳንግላ አጠገብ ተወልዳ በሃያ ሁለት ዓመቷ በቶጎ ውጫሌ በኩል ተሻገረች። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ወይዘሮ ኢስታሂል ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠራች። ወይዘሮ ኢስታሂል አልመቷትም፣ ደመወዟንም አልከለከሏትም፤ ይህን ውድነሽም አትክድም። አንድ አመል ግን ነበረባቸው፤ አፍንጫቸው። ጠዋት ጠዋት ኩሽና ገብተው ቆም ይሉና አየሩን ይስቡታል። «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» ይላሉ። በርበሬዋ ይሸታቸዋል፣ ፀጉሯ ላይ ያለው ቅቤ ይሸታቸዋል፣ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ነጠላ ይሸታቸዋል። ቅቤውን ተወች። በርበሬውንም ተወች። ነጠላዋን አጥባ አጥባ ጥለቱ ነጣ። አንድ ቀን እንግዶች ፊት እጇን አንስተው አሸተቱና «አሁን ጥሩ ነው» አሏት። ውድነሽ ያን ቀን ፈገግ አለች። ዛሬ ስታስበው ከንግግሩ ይልቅ ፈገግታዋ ያናድዳታል።

ንግዱም የተጀመረው ከዚያው ቤት ነው። ወይዘሮ ኢስታሂል አሮጌ ራዲዮ ሲያስጥሉ ለምና ወሰደችው። አቧራውን አራግፋ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ብታወጣው ቶሮንቶ የሚኖር አንድ ሰው «የአባቴን ራዲዮ ይመስላል» ብሎ ገዛት። ከዚያ ካሴት መጣ፣ የእጅ ሰዓት መጣ፣ የእንግሊዝ ዘመን ሳንቲም መጣ፤ በመጨረሻም ሃን መጣ። ሃን ከዛፍ ሥሮች ተጎንጉኖ የሚሠራ የግመል ወተት መያዣ ነው። ውጭ አገር የከረመ የሐርጌሳ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ሳይገዛ የማይመለሰው እሱን ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ክዳኑን ከፍቶ ያሳያል። ውድነሽ ገበያው ሲቀናት ሻንጣዋን ይዛ ከወይዘሮ ኢስታሂል ቤት ወጣች። በሩ ላይ ለራሷ ማለች፤ ከእንግዲህ በሕይወቴ ሰው ቤት አልገባም አለች።

ሦስት ዓመት ያህል ጥሩ ሄደ። ዘንድሮ ግን ሽያጩ ቀዘቀዘ፣ ቀጥሎ ነጠፈ። ሰው ፎቶውን ያያል፣ ይወደዋል፣ «የት ነው የሚገኘው?» ይላል፣ መጥቶ ዕቃውን አገላብጦ «ላስብበት» ብሎ ይሄዳል። አስቦበት የተመለሰ አንድም የለም። ውድነሽም ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። ገበያ መሃል ሱቅ ያለው ኢጋል ነው። ኢጋል አዲስ ሃን ያሠራል፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል፣ ጭስ ላይ ሰቅሎ ያከርመዋል፣ ከዚያ «የአያቴ ነበር» እያለ ይሸጠዋል። አያቶቹ ስንት እንደሆኑ እንጃ፤ በወር አምስት ሃን የሚያወርሱት አያቶች ያሉት ሰው ነው። የእሱ ሱቅ ግን ሰው አይጠፋበትም።

ግቢ የምትጋራት፣ ሚስጥር የምትባል፣ ሆቴል ቤት የምትሠራ ቀልደኛ ልጅ፣ አንድ ቀን «አንቺስ ትንሽ ጥላሸት ብትቀቢው ምን አለበት?» አለቻት። ውድነሽ ሁለት ቀን አኮረፈቻት። ውሸት ሸጬ ከምበላ ጦሜን ባድር ይሻለኛል አለች። የእሷ መልስ ሌላ ነበር፤ የእሷ ዕቃ ከኢጋል ዕቃ በንጽሕናው ይለይ። አንድ ገዢ አንድ ጊዜ «ያደፈ ነው» ብሎ ጽፎባት ነበርና ያቺ ቃል ከልቧ አልወጣችም። ስለዚህ ገበያው በቀዘቀዘ ቁጥር ማጠቡን አጠናከረችው። ሳንቲሙ በሎሚና በአመድ ተፈትጎ እንደ ትናንት ያብለጨልጫል። ሃኑ ደግሞ የፈላ ውሃና የዱቄት ሳሙና ተሞልቶ ያድራል፣ በብሩሽ ይፋቃል፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ይመታዋል፣ በመጨረሻ ነጭ አንሶላ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። ሽታ የሚባል ነገር አይቀርበትም።

ፈርዶውሳ አታላይ ያለቻት በእንዲህ ያለው ሃን ነው። ሃኑን ያለ አንዲት ቃል በባጃጅ መልሳ ላከችው። ኢጋል በበኩሉ ጽሑፏን ወስዶ ገጹ ላይ ለጠፈና «ወገኖቼ፣ ከአታላዮች ተጠንቀቁ» ብሎ ጻፈበት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ዕቃ ያስቀመጠችላቸው ሁለት ደንበኞች በዚያው ዕለት ትተናል አሏት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ስልክ ላይ ግን ያደረ ነገር ማን ዞሮ ያየዋል?

ረቡዕ ወይዘሮ ኢስታሂል ደወሉ። ሠራተኛቸው ወጥታለች። አራት ሞክረው አንዷም እንዳልሆነችላቸው፣ የውድነሽ ክፍል እንዳለ እንደሆነ፣ እስከ ጁምዓ ቁርጡን እንድትነግራቸው በለሰለሰ ድምፅ ነገሯት። ፈርዶውሳ የጻፈችውን እንዳዩት ያስታውቃል፤ አላነሱትም። ገጹ ከሞተ ወደዚያ ቤት ከመመለስ በቀር መንገድ እንደሌላት ሁለቱም ያውቃሉ። ውድነሽ ስልኩን ዘጋች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አለች። ኢጋል ዋሽቶ ይነግዳል፣ እኔ እውነት ይዤ ሽንት ቤት ላጥብ ነው?

ምስክር ያስፈልጋት ነበር፤ ምስክር ደግሞ አለቻት። ያን ሃን የገዛችው ሼክ ኑር ሰፈር ከሚኖሩ ጣይባ ከሚባሉ አሮጊት ነው። የልጅ ልጃቸው ታማ ለማሳከም ብለው ነበር የሸጡላት። እሳቸው ስልክ ፊት ቆመው «የእናቴ ነው» ካሉ ፈርዶውሳም ኢጋልም አፋቸውን ይዘጋሉ። ሐሙስ ጠዋት ሃኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በባጃጅ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትጽፈውን ስድብ ስታሰማምር ነበር።

ጣይባ በቆርቆሮ ቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። አገሬው ትልቅ ሴት እንደሚጠራው «ኤዶ ጣይባ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ጉዳዩን ነገረቻቸው። አሮጊቷ ተቆጡላት። የሰው ስም እንዲህ በዋዛ አይጠፋም አሉ፤ በአላህ ስም እመሰክራለሁ አሉ። ውድነሽ ስልኳን ድንጋይ ላይ አስደግፋ መቅረጽ ጀመረች። ጣይባም ሃኑን ገና ሳይገለጥ አቅፈው ተናገሩ። እናታቸው ሳያገቡ በፊት በእጃቸው የጎነጎኑት መሆኑን፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ከቤተሰቡ እጅ አለመውጣቱን፣ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደዱ እንኳ ከልጅ ቀጥሎ ያዘሉት እሱን እንደነበር ተናገሩ። ውድነሽ ከስልኩ ኋላ ሆና ልቧ በደስታ ዘለለ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

ከዚያ ጣይባ ጨርቁን ገለጡ። ክዳኑን ከፈቱና ፊታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። አሸተቱ። ቀና ሲሉ ቁጣቸው በፈርዶውሳ ላይ አልነበረም።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት፣ ኤዶ» አለች ውድነሽ። በኩራት ነው ያለችው።

«እናቴ በየሳምንቱ ታጥነው ነበር» አሉ ጣይባ። «እኔም ሳጥነው ኖሬአለሁ። ስደት ላይ ወተት አልነበረንም፤ ባዶውን ከፍቼ ልጆቼን አሸታቸው ነበር፣ የአያታችሁ ቤት እንዲህ ነው እያልኩ። ስሸጥልሽም የሚገዛው ሰው ሲከፍተው እናቴን ያገኛታል ብዬ ነው። አሁን የሱቅ ሳሙና ነው የሚሸተው። ልጄ፣ ይህን ያህል ምኑ ቆሸሸብሽ?»

ውድነሽ ጭሱን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ የሚያበሽቀው ይህ ነው። ዳንግላም የወተት ቅል በወይራ ይታጠናል። ካልታጠነ ዕቃ ወተት አልጠጣም ብላ ያለቀሰች፣ በዚያም የተቆነጠጠች ልጅ እሷው ናት። ሃኑን መጀመሪያ የከፈተችው ቀን አፍንጫዋ ሽታውን ለይቶት ነበር። እጇ ግን ወደ ሳሙናው ሄደ። ዘጠኝ ዓመት «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» ሲባልባት የኖረች ሴት፣ ሽታ ባገኘች ቁጥር ማንም ሳያዛት ታጥባለች። ከዚያ ቤት ወጣሁ ብላ ምላ ነበር፤ እጇ እዚያው ቀርቶ ኖሯል። ዘንድሮ ያጠበቻቸው ሃኖች አሥራ አንድ ናቸው። የአሥራ አንድ ቤት ጭስ የኮድቡር ቦይ ውስጥ ደፍታለች።

ፈርዶውሳም ክዳኑን ስትከፍት የጠበቀችው የጭስ ሽታ ይመጣል ብላ ሳሙና ቢገጥማት፣ አዲስ ነው አለች። አታላይ ማለቷ ስህተት ነው፤ አፍንጫዋ ግን አልዋሸም። ደግሞ ኢጋል፣ ያ ቀጣፊ፣ በሞተር ዘይትም ይሁን በምን ቢያንስ ጭስ ጭስ የሚል ዕቃ ነው የሸጠው። ሌባው ገዢ የሚፈልገውን ሲያውቅ እውነተኛዋ እውነቱን አጥባ ደፋችው። ውድነሽ በኢጋል ተናደደች፣ በወይዘሮ ኢስታሂል ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ያን ቀን በእንግዶች ፊት ፈገግ ባለችው ውድነሽ ተናደደች። እዚያው አሮጊቷ ፊት አለቀሰች።

ጣይባ አላባበሏትም። ፍም አስመጡ፣ እንጨት ጨመሩበት፣ ሃኑን ገልብጠው ጭሱ ላይ ደፉት። የድሮ ሽታው እስኪመለስ እኔ አልደርስበትም፣ የልጅ ልጄ ልጅ ምናልባት አሉ። ይህ ሃን ዳግም አይሸጥም ብለው እሳቸው ዘንድ አስቀሩት። ውድነሽ ልትሄድ ስትነሳ ግን ከውስጥ አንድ ትንሽ ሃን አወጡ፤ ጥላሸት የጠጣ፣ ጫፉ የተበላ፣ የአክስታቸው። ይህን ሽጪልኝ፣ አንቺ ሴት አላህን ፍሪ፣ እንዳትነኪው አሏት።

ስልኩ ይህን ሁሉ ቀርጾ ነበር። ሚስጥር ማታ ስታየው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ቆርጠሽ አውጪው አለቻት፤ «የእናቴ ነው» እስከሚለው ድረስ። ምክሩ ሞኝ አልነበረም፤ ስሟም በዚያው ይነጻ ነበር። ውድነሽ ግን ሙሉውን አወጣችው፣ «አጠብኩት» ብላ በኩራት የተናገረችበትን ጭምር። ኢጋል ሳቀባት። ሰው ተከራከረባት፣ ሰደባት፣ ጥቂቱ አዘነላት። ፈርዶውሳም ጻፈች። «አታላይ ያልኩሽን አንስቻለሁ። የድሮ ከነበረ ግን ያደረግሽው የባሰ ነው።» ውድነሽ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበችው። እውነት ነውና ከገጹ አላጠፋችውም።

ጁምዓ ከሰዓት ወይዘሮ ኢስታሂል ደወሉ። ገጹ ላይ አንድም ዕቃ አልተሸጠም ነበር፤ ይሸጣል የሚያሰኝም አልነበረም። መቼ እንደምትገባ ጠየቋት። ቀጥለውም አመሰገኗት፤ በእሳቸው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዳንቺ ሽታ የሚያጠፋ ሰው አላገኘሁም» አሏት።

«አውቃለሁ፣ ማዳም» አለች ውድነሽ። «የአንዲት እናት ስልሳ ዓመት በአንድ ሌሊት ያጠፋሁ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ስልኩን ዘጋችና ነጩን አንሶላ ከገመዱ ላይ አወረደች። ትንሿን ሃን ከነጥላሸቷ ደጃፉ ላይ፣ መሬቱ ላይ አስቀመጠቻት፤ ክዳኗን ከፍታ ፎቶ አነሳቻት። ከሥሩም «አልታጠበችም» ብላ ጻፈች።