የፊት ጎማ

ወንድም ጋሼን መርሳ ከተማ ቀብረን ተመለስን። በር ላይ እጃችንን ታጥበን ድንኳኑ ውስጥ ገባን፤ ንፍሮ ታደለ። ከጎኔ ወንድሜ ይሠራበት የነበረው ወረዳ ሁለት የገንዘብ ኃላፊዎች ተቀምጠው ነበር። አወቅኋቸው። ወንድሜ በሕይወት ሳለ ስለ እነሱ ብዙ ተናግሯል።

ወንድሜ ከወረዳው ሁለት አምቡላንሶች የአንዱ ሾፌር ነበር። የወረዳውን ስም አልጠራም። እዚያ የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ አንድ ነበር፤ ኋላ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ በጀት ይፈቅዳል፤ ሌላው ዕቃ ይገዛል፣ ክፍያ ይፈጽማል። ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን ነው አሉ። ወንድሜም መጀመሪያ ላይ "ጥሩ ነው፣ ለሌባ አይመችም" ብሎ ነበር።

ከዚያ የፊት ጎማው አለቀ። ይቀየርልኝ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ጋ ሲሄድ ሌላው ጋ ሂድ ይሉታል። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ወላድ ወልድያ አድርሶ ብቻውን ሲመለስ ጎማው ፈነዳ። መኪናው ገደል ገባ።

በጀት ፈቃጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያንን ጎማ ምነው ዝም አልከው?" አለ።

"እኔ? አንተን ስጠብቅ ነዋ" አለ ከፋዩ።

"ፕሮፎርማው ሲመጣልኝ ልፈቅድ ነበር። ዋጋውን ሳላውቅ ምን ብዬ ልፍቀድ?"

"ሳይፈቀድ ከነጋዴ ዋጋ ልሰብስብ? ኦዲተር ሲመጣ አንተ ልትቆምልኝ ነው?"

"ብትደውልልኝስ?"

"አንተስ ስልክ የለህም?"

ፈቃጁ ፈገግ ሊል ቃጣው። እኔን አየና ተወው።

ንፍሮው እጄ ውስጥ ቀረ። ማንም አልሰረቀም። ማንም ክፉ አላሰበም። እኔ የምጠላው ሰው ስፈልግ ነው የዋልኩት።

"የሌላኛው አምቡላንስስ?" አልኩ። "የሱስ ጎማ?"

"የኔ ወንድም፣" አለ ከፋዩ፣ "ለቅሶ ላይ የሥራ ነገር አይነሳም። እግዜር ያጥናህ።"

"ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ። አሁን ተነጋገሩ።"

ተያዩ። "ሰኞ ይታያል" አለ ፈቃጁ።

የዚያኛው መኪና ሾፌር፣ የወንድሜ ባልደረባ፣ ፊት ለፊታችን ነበር። ስልኩ ጮኸ። አዳመጠ። "አብሽሩ እማማ፣ ኢንሻአላህ ደረስኩ" ብሎ ተነሳ። "ሴት ምጥ ይዟታል" አለን። ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ "አላህ ሶብሩን ይስጥህ" አለኝ።

ተከትዬው ወጣሁ። የፊት ጎማው ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ማየቴን አየ።

"አትሂድ" አልኩት።

"ታዲያ ሰኞን ትጠብቅ?" አለኝ፣ ሞተር እያስነሳ።

የድንኳኑ ገመድ መንገዱን ዘግቶበት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ወጥተው፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ ገመዱን ከፍ አድርገው ያዙለት። በሰላም ግባ አሉት። እኔ አስፋልቱ ላይ እስኪወጣ ድረስ ጎማውን ብቻ አየሁ።