የወንድሜ ኮከብ መሪኅ

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኬን ወስዳ፣ ፀሐይንና ፕላኔቶችን በጣት እያሽከረከሩ የሚያዩበት የኢንተርኔት ገጽ ከፈተች። የቤት ሥራ ነው አለችኝ። ጁፒተርን አቀረበች፣ የሳተርንን ቀለበት ገለበጠች፤ ቀይዋን ማርስን ልትነካ ስትል ግን ሳላስበው ስልኩን ቀማኋት።

«ምነው እማዬ?» አለች። ምን ልበላት?

ነገሩ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ለክረምት ደብረ ታቦር እናቴ ቤት ገብቻለሁ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የደብረ ታቦርን ነሐሴ ያየ ያውቀዋል፤ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ ባጃጁ በእኩለ ቀን መብራት አብርቶ ጭቃውን ይቀዝፋል፣ ሰው ከነጋቢው ይውላል። እኛ ቤት ግን ከብርዱ የባሰ ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ በመተማ አድርጎ፣ ከሱዳን በረሃውን አቋርጦ ሊቢያ ሊገባ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

የሟች አባቴ ወንድም አያ ታከለ በየሰንበቱ እየመጡ እናቴን ይወተውቷታል።

«በቃሽ እንግዲህ! የልጁ ነፍስ ያለ ፍትሐት አትንከራተት። ለቅሶ እንቀመጥና እርማችንን እናውጣ።»

«ሬሳውን ማን አየና ነው? ያልሞተ ልጄን አልቀብርም፣ አይቆጡኝ» ትላቸዋለች። በመጨረሻ፣ ጾሙ ሳይፈታ ቁርጧን ልትነግራቸው ቃል ገባች።

አንድ ቀን ከሰዓት አሹቅ እየቆረጠምን ሳለ፣ እናቴ ላፕቶፔ ላይ በከፈትኩት እንዲህ ባለ ገጽ የሚዞሩትን ፕላኔቶች አይታ ጠጋ አለች። ያኔ መምህር ልሆን ነው ብዬ አፌ አያርፍም። «ይቺ ቀይዋ አባቶች መሪኅ የሚሏት ናት» አልኳት።

ደነገጠች። «የደሳለኝ ኮከብ!» አለች። ክርስትና ሲነሳ ኮከብ የቆጠሩለት ደብተራ እንዲያ ብለዋት ኖሯል። «እስቲ አቅርቢያት።»

ነካኋት። ቀይዋ ነጥብ እየሰፋች መጥታ ስክሪኑን ሞላችው፤ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ደግሞ አሸዋ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይኸን በረሃ አውቀዋለሁ። በሕልሜ እየመጣ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው። ዱካ አለበት?»

«እማ፣ ይኸ እኮ ሌላ ዓለም ነው፤ ሰው የለበትም።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

በዚህ መኻል በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። ማርስ ግን መዞሯን አላቆመችም። ላፕቶፑ በባትሪ፣ ገጹም አንዴ ከተከፈተ ያለ ኔትወርክ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ቢሆንም በጨለመው ቤት ያ ቀይ ብርሃን እናቴ ፊት ላይ ሲመላለስ እጄን ወደ ላፕቶፑ ክዳን ሰደድኩ። ልዝጋው ብላት በጄ አላለችም። የማርስ ጨለማው ወገን ዞሮ እስኪመጣ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ከዚያ «ደሳለኝ» ብላ ጠራችው፤ ጮክ ብላም አይደል፣ ለምሳ እንደምትጠራው አድርጋ። ትንሽ አዳመጠች። ተነሥታም ነጠላዋን አወለቀችና እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው።

አያ ታከለ ሲመጡ ነጠላዋን አይተው አለቀሱ። ለቅሶ ተቀመጥን፣ ፍትሐቱ ተደረገ፣ እርማችንን አወጣን።

በዓመቱ ስልኬ ጮኸ። ደሳለኝ ነበር። ሊቢያ እስር ቤት ከርሜ አሁን ተለቀቅሁ አለ። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ደስ አላት፤ ግን አልገረማትም። «እዚያስ ብርድ አለ ልጄ? ሌሎችም አሉ?» አለችው። የሊቢያን ነገር የጠየቀችው መስሎት ሁሉንም መለሰላት። ስልኩን ስትመልስልኝ «ለካ ከዚያም መደወል ይቻላል፤ ተመስገን» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ይደውላል፤ እሷም እስከ ዛሬ ሙት ልጇን ታነጋግራለች። አንዴ የወጣ እርም ተመልሶ አይገባም መሰለኝ። እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ወንድሜ በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ፣ ድምፁንም አልስተውም። ደግሞ እፈራለሁ። ቪዲዮውን አብራና እንይህ ባልኩት ቁጥር «እዚህ ኔትወርኩ አይችልም» ይለኛል፤ ከሄደ ወዲህ ፊቱን ያየ ከመካከላችን አንድም የለም።